ሰማይ መግባት ብቻ አይደለም፦ የትንሣኤ ተስፋ ምን ማለት ነው?

አንድን ክርስቲያን “ከሞትክ በኋላ ምን ትሆናለህ?” ብትሉት፣ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ “ነፍሴ ወደ ሰማይ ትሄዳለች” የሚል ነው። መልሱ ውሸት አይደለም። ግን ታሪኩን መሃል ላይ ያቆመዋል። በ381 እ.ኤ.አ. በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች ያጸኑትን ጸሎተ ሃይማኖት እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙት። ማብቂያው ላይ “የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን” ይላል። ነፍስ ከሥጋ ስትለይ የት እንደምትሄድ አንድም ቃል አይናገርም። ዓይኑ ያረፈው በሙታን መነሣትና በሚመጣው ዓለም ሕይወት ላይ ነው።

ልዩነቱ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። አይደለም። ተስፋችን ከሥጋ ማምለጥ ከሆነ፣ ሥጋ ተጥሎ የሚቀር ነገር ነው። ምድርም ትተናት የምንሄድ ናት። ተስፋችን ትንሣኤ ከሆነ ግን፣ እግዚአብሔር የፈጠረውን አይጥልም ማለት ነው። ሞት የወሰደውን ያስመልሳል። ይህ ደግሞ ለቅሶን፣ ሕመምን፣ ሥራን የምናይበትን መንገድ ይለውጣል። ወደዚያ ለመድረስ ግን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

እምነቱ ከየት መጣ?

ብሉይ ኪዳን ስለ ትንሣኤ ብዙ አያወራም። ይህ ብዙ አንባቢን ያስገርማል። በአብዛኞቹ መጻሕፍቱ ሙታን ሁሉ የሚወርዱት ወደ ሲኦል ነው። እዚያ ጸጥታና ጨለማ ነው ያለው። መዝሙረኛው “በሞት የሚያስብህ የለም” ብሎ ለእግዚአብሔር ሲያመለክት፣ ከሞት በኋላ ስላለው ሕይወት የጠራ ሥዕል እንዳልነበረው ያሳያል። የዚያ ዘመን ሰው በረከት ብሎ የሚጠብቀው ረጅም ዕድሜ፣ ልጆችና በምድሩ ላይ በሰላም መኖርን ነበር።

ትንሣኤ አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል። ኢሳይያስ በ26ኛው ምዕራፍ ሙታን ሕያዋን እንደሚሆኑ ይናገራል። ሕዝቅኤል በደረቁ አጥንቶች ሸለቆ ውስጥ ይመላለሳል፤ ያ ራእይ ግን በቀጥታ የሚናገረው በምርኮ ሳለ ተስፋ ስለ ቆረጠው ሕዝብ ነው። ነገሩ ፍርጥ ብሎ የሚወጣው በዳንኤል 12 ላይ ነው፦ በምድር ትቢያ ካንቀላፉት ብዙዎች ይነቃሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ ዘላለም ሕይወት፣ አንዳንዶቹ ወደ እፍረት።

ለምን በዳንኤል? መጽሐፉ የሚያሳየን ዓለም ሰዎች ለእምነታቸው ሲሉ ወደ እሳትና ወደ አንበሶች ጉድጓድ የሚጣሉበት ዓለም ነው። ጻድቁ በታማኝነቱ ምክንያት ከተገደለ የእግዚአብሔር ፍትሕ የት አለ? የትንሣኤ ተስፋ የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። በእኔ እይታ ይህ ነጥብ በደንብ ሊታወስ ይገባል። ተስፋው ዕድሜን ከማራዘም ጉጉት አልመጣም፤ ፍትሕን ከመጠማት መጣ።

በኢየሱስ ዘመን አይሁድ በጉዳዩ ተከፋፍለው ነበር። ፈሪሳውያን ትንሣኤ አለ ይላሉ። ሰዱቃውያን የለም ይላሉ። ሰዱቃውያን ተራ ሰዎች አልነበሩም፤ ከሊቀ ካህናቱ ጎን የቆሙ፣ የቤተ መቅደሱ ሥልጣን በእጃቸው ያለ ናቸው። አንድ ቀን ኢየሱስን ለማጥመድ አንድ እንቆቅልሽ ይዘው መጡ። ሰባት ወንድማማቾች አንዲትን ሴት በየተራ አግብተው ሁሉም ሞቱ። በመጨረሻ ሴትዮዋም ሞተች። በትንሣኤ ቀን የማንኛቸው ሚስት ልትሆን ነው?

ጥያቄው የቀረበው ለፌዝ ነው። ኢየሱስ ግን የምር መለሰው። በመጀመሪያ፣ የትንሣኤ ሕይወት የዛሬው ኑሮ ቅጥያ አይደለም፤ በዚያ አያገቡም፣ አይጋቡም። ቀጥሎ ሰዱቃውያን ራሳቸው የሚቀበሉትን የሙሴን መጽሐፍ ጠቀሰ። እግዚአብሔር ለሙሴ “እኔ የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብ አምላክ ነኝ” ሲለው፣ እነዚያ አባቶች ከሞቱ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። “የሕያዋን አምላክ ነው እንጂ የሙታን አይደለም።” ማስረጃው ምን ላይ እንደ ቆመ አስተውሉ። የሰው ነፍስ በባሕርይዋ የማትሞት ስለሆነች አላለም። እግዚአብሔር “የእኔ” ካለው ሰው ጋር የገባውን ቃል ሞት አያፈርስበትም ነው ነገሩ።

አልዓዛር ከሞት ቢመለስም እንደገና ሞቷል

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከሞት የተመለሱ ብዙ ሰዎች አሉ። በኤልያስ ጸሎት የሰራፕታዋ መበለት ልጅ፣ በኤልሳዕ የሱነማዊቷ ልጅ፣ የኢያኢሮስ ልጅ፣ የናይኗ መበለት ልጅ። ከሁሉም የሚታወቀው ግን አራት ቀን በመቃብር የቆየው አልዓዛር ነው። እነዚህ ሰዎች ወደ ቀድሞ ሕይወታቸው ተመለሱ። ዳግመኛ ታመሙ፣ አረጁ፣ ሞቱ። ምስኪኑ አልዓዛር ጭራሽ ከመቃብር ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ የካህናት አለቆች ሊገድሉት እንደ ተማከሩ ዮሐንስ ይነግረናል።

የኢየሱስ ትንሣኤ ግን ሌላ ነገር ነው። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች እንደ ጻፈው፣ ክርስቶስ ከሙታን ተነሥቶ ወደ ፊት አይሞትም። ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ሞትን አልፎ ወደ ፊት ሄደ።

ወንጌላት ይህን ለመግለጽ ሲሞክሩ ቋንቋ ያጥራቸዋል። መግደላዊት ማርያም አትክልተኛው መሰላት። ወደ ኤማሁስ የሚሄዱት ሁለቱ ሰዎች አብሯቸው እየተጓዘ አላወቁትም። በሮች ተዘግተው ሳሉ መሃላቸው ይቆማል። እንግዲያው መንፈስ ነው እንዳትሉ፣ ደግሞ የተጠበሰ ዓሣ ተቀብሎ በፊታቸው ይበላል። መቃብሩ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ያው የቀድሞው አካል ነው። ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። ተረት የሚፈጥር ሰው እንዲህ ግራ በሚያጋባ መልኩ አይጽፍም ብዬ አስባለሁ። ወይ የሚያበራ መልአክ፣ ወይ ተራ ሰው አድርጎ ይጨርሰዋል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ቁስሉ ነው። ሞትን ያሸነፈ አካል እንከን የለሽ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ይቀላል። ኢየሱስ ግን ለቶማስ ያሳየው የችንካሩን ምልክትና የተወጋ ጎኑን ነው። ትንሣኤ መከራውን እንዳልነበረ አድርጎ አልፋቀውም። ከእንግዲህ አያመውም፣ አይገድለውም፤ ግን የማንነቱ ክፍል ሆኖ ቀርቷል። በሕይወቱ ከባድ በደል ለደረሰበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። “እርሳው፣ አልፏል” ከሚሉት ማጽናኛዎች ሁሉ ይለያል።

ጳውሎስ ይህን ክርስቶስ ላንቀላፉት “በኵራት ሆኖ”፣ ማለትም እንደ መከር የመጀመሪያ ፍሬ፣ ተነሣ ብሎ ይገልጸዋል። በክርስቶስ ላይ የሆነው በእርሱ ብቻ የሚቀር ተአምር አይደለም። የሚከተሉት አሉ።

ታዲያ ምን ዓይነት አካል ነው?

ጳውሎስ በአቴና አርዮስፋጎስ ላይ ሲሰብክ ሰዎቹ ጥሩ አድርገው ያዳምጡት ነበር። የሙታንን ትንሣኤ ሲያነሣ ግን አንዳንዶቹ አፌዙበት። ለምን? ከፈላስፋው ከፕላቶን ጀምሮ በግሪክ የተማረ ሰው ዘንድ የተለመደው አስተሳሰብ ነፍስን ከፍ፣ ሥጋን ዝቅ ያደርጋል። ጥሩ ሞት ማለት ነፍስ ከሥጋ እስር መፈታቷ ነው። ከተፈታች በኋላ መልሶ ሥጋ ማልበስ ለእነርሱ ተስፋ ሳይሆን ቅጣት ነበር። በነገራችን ላይ፣ ዛሬም ብዙ ምእመን በለቅሶ ላይ ሲያጽናና የሚናገረው ከጳውሎስ ይልቅ ለፕላቶን ይቀርባል።

በቆሮንቶስም ተመሳሳይ ችግር ነበር። ጳውሎስ በ50ዎቹ አጋማሽ ገደማ ከኤፌሶን በጻፈላቸው የመጀመሪያ መልእክት፣ 15ኛው ምዕራፍ በሙሉ ለዚህ የተሰጠ ነው። “ሙታን እንዴት ይነሣሉ? በምንስ ዓይነት አካል ይመጣሉ?” ለሚለው ጠያቂ መልሱ በቁጣ ነው የሚጀምረው፦ “አንተ ሞኝ!” ከዚያ ስለ ዘር ይነግረዋል። የምትዘራው ቅንጣት ነው፤ የሚበቅለው ግን ሌላ መልክ አለው። ሆኖም ስንዴ ብትዘራ ገብስ አይበቅልም። አንድነትም ለውጥም አለ። የምትነሣው አንተው ነህ፤ አነሣሥህ ግን ዛሬ ልትገምተው ከምትችለው በላይ ነው።

“መንፈሳዊ አካል” የሚለው አነጋገሩ ብዙዎችን ያሳስታል። ጭስ የመሰለ፣ የማይጨበጥ ነገር ማለቱ አይደለም። በእግዚአብሔር መንፈስ ሕያው የሆነ፣ የማይበሰብስ አካል ማለቱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ጠላቶች ይህን ከእኛ ይልቅ ሳይረዱት አልቀሩም። በ177 እ.ኤ.አ. ገደማ ጎል በተባለው የሮም ግዛት (የዛሬዋ ፈረንሳይ)፣ በሊዮን ከተማ ብዙ ክርስቲያኖች ተገደሉ። ታሪኩን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ መዝግቦልናል። ገዳዮቹ ሬሳዎቹን ለቀናት ካሰጡ በኋላ አቃጠሏቸው። አመዱንም ሮን ወንዝ ውስጥ በተኑት። ሐሳባቸው የትንሣኤ ተስፋቸውን መንጠቅ ነበር፤ “እስቲ አሁን ይነሡ እንደሆነ እንይ” ነው ነገሩ።

የዛሬው ሰውም በሌላ አነጋገር ያንኑ ይጠይቃል። ባሕር የበላው፣ እሳት የፈጀው፣ አፈር ሆኖ የተበተነውስ? ጳጳሱና የሃይማኖት ሊቁ አውግስጢኖስ በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን አንድ በአንድ ይመልስ ነበር፤ በዕድሜ ልክ ተቆርጦ የወደቀው ጠጉርና ጥፍር እስከሚለው ድረስ! ዝርዝሩ ዛሬ ፈገግ ያሰኛል። ዋናው መልሱ ግን ቀላል ነው። ከምንም የፈጠረ አምላክ፣ ከተበተነ አመድ ማስነሣት አያቅተውም። ተስፋው በሬሳው አያያዝ ላይ ቢመሠረት ኖሮ የሊዮን ገዳዮች ባሸነፉ ነበር።

በሞትና በትንሣኤ ቀን መካከልስ? እዚህ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ይለያያሉ። ኦርቶዶክሶችና ካቶሊኮች ነፍስ በእግዚአብሔር ዘንድ ትቆያለች ብለው ለሞቱት ይጸልያሉ። አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች መቆየቷን ይቀበላሉ፤ ለሙታን መጸለይን ግን አይቀበሉም። የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶች ሙታን እስከ ትንሣኤ ድረስ ምንም ሳያውቁ ያንቀላፋሉ ይላሉ። ሁሉም የሚስማሙት ያ ጊዜ መቆያ እንጂ መድረሻ አለመሆኑን ነው።

መጠራጠር ያለ ነው

ስለ ትንሣኤ የመጀመሪያውን ወሬ ያመጡት ሴቶች ነበሩ። ሐዋርያቱ ምን አሉ? ሉቃስ እንደሚለው ቃላቸው ቅዠት መስሎ ታያቸውና አላመኑአቸውም። ማቴዎስም ደቀ መዛሙርቱ በገሊላ ተራራ ላይ ኢየሱስን አይተው እንደ ሰገዱለት ከነገረን በኋላ፣ ሳይደብቅ “የተጠራጠሩ ግን ነበሩ” ይላል። ቶማስ ደግሞ ካልነካሁ አላምንም ብሎ ለስምንት ቀን ያህል ቆይቷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ከሌሎቹ ጋር ነበር፤ ማንም አላባረረውም። ስለዚህ በዚህ እምነት ላይ ጥያቄ ያለበት ሰው ከመጀመሪያዎቹ ምስክሮች የባሰ አይደለም።

ቢሆንም ጳውሎስ መሃል ሰፋሪ እንድንሆን አይተወንም። ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችን ከንቱ ነው፣ እምነታችሁም ከንቱ ነው ይላል። ይባስ ብሎ፣ እንግዲያው “ነገ እንሞታለንና እንብላና እንጠጣ” ማለቱ ይሻላል። ትንሣኤን እንደ ቆንጆ ምሳሌ ብቻ ወስዶ የቀረውን ክርስትና ማስቀጠል ይቻላል ለሚል ሰው ይህ ከባድ መልስ ነው።

ለዛሬ ኑሮ ምን ያደርጋል?

ከለቅሶ እንጀምር። የትንሣኤ ተስፋ ብዙ ጊዜ አለቦታው የሚውለው እዚህ ላይ ነው። “አታልቅሱ፣ እምነት ያለው ሰው አያለቅስም” ሲባል ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው እንዲህ አይልም። “ተስፋ እንደሌላቸው” ሰዎች እንዳታዝኑ ነው ያላቸው። የከለከላቸው ተስፋ ቢስ ሐዘንን እንጂ ሐዘንን አይደለም። እርሱ ራሱ ጓደኛው አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ ሲድን ለፊልጵስዩስ ሰዎች ምን እንደ ጻፈ ተመልከቱ። እግዚአብሔር የማረው ለእኔም ሲል ነው፤ ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ ነው ይላል። “ሞት ሆይ፥ መውጊያህ የት አለ?” ያለው ሰው እኮ ነው ይህን የሚለው።

ኢየሱስም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አለቀሰ። ለማርታ “ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ” ብሏት ነበር። ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሣውም ያውቃል። እያወቀ አለቀሰ። ሞት በክርስትና ወዳጅ አይደለም፤ ተፈጥሯዊ ነው ተብሎም አይታለፍም። ጳውሎስ “የኋለኛው ጠላት” ይለዋል። ጠላት የወሰደብህን ሰው ማልቀስ ደግሞ እምነት ማጣት አይደለም። ስለዚህ የምትወዱት ሰው ዘመድ ሲሞትበት ትንሣኤን ለአፍ መዝጊያ አታውሉት። መጀመሪያ አብራችሁት ተቀመጡ። ተስፋውን የሚናገርበት ቀን ይመጣል።

ቀጥሎ ሥጋ። በቆሮንቶስ “ሥጋ የሚጠፋ ነው፤ ምን ብናደርግበት ለውጥ አያመጣም” የሚል አስተሳሰብ ነበር። ጳውሎስ የመለሰው እግዚአብሔር ጌታን አስነሣ፣ እኛንም ያስነሣናል ብሎ ነው። የሚነሣ አካል ክብር አለው። የራስህ አካል ብቻም አይደለም፤ የታመመው፣ ያረጀው፣ አእምሮው የደከመው ሰው አካልም።

ይህ በወረቀት የቀረ ትምህርት አልነበረም። በ260 ገደማ በእስክንድርያ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ጳጳሱ ዲዮናስዮስ በደብዳቤው ክርስቲያኖች ሕሙማንን ሲያስታምሙ፣ ሬሳ ሲያጥቡና ሲገንዙ፣ ብዙዎቹም በዚያው በሽታ ሲሞቱ እንደ ነበር ጽፏል። እሺ፣ የራሱን ሰዎች የሚያመሰግን ጳጳስ ነው እንበል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ግን ከ361 እስከ 363 የነገሠው ዩልያኖስ መጣ። ይህ ንጉሥ ክርስትናን ትቶ ወደ ጥንቶቹ አማልክት የተመለሰ ነው። ለአንድ የአማልክቱ ካህን በጻፈው ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖችን ያበዛቸው ለእንግዶች የሚያደርጉት ቸርነትና ለሙታን መቃብር ያላቸው እንክብካቤ ነው እያለ ይነጫነጫል። ጠላት ሲመሰክር ይታመናል።

የተለመደ ክስ ደግሞ አለ። ይህ ተስፋ ድሃውን “ቻለው፣ በላይኛው ቤት ትካሳለህ” እያለ ያስተኛል ይባላል። ካርል ማርክስ በ1844 ሃይማኖትን “የሕዝብ ኦፒየም” (ማደንዘዣ) ያለው ለዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ክሱ መሠረት አለው። ጨቋኞች ይህን ስብከት ተጠቅመውበታል። ባሪያ አሳዳሪዎችም ወድደውት ነበር። ግን የወደዱት ነፍስን ብቻ የሚያድነውን፣ ሥጋን ለጅራፍ የሚተወውን ግማሽ ወንጌል ነው። ትንሣኤውን ከፍርድ ጋር ሙሉ ለሙሉ ስትሰብከው ሥልጣን ላይ ያለ ሰው አይመቸውም። በሐዋርያት ሥራ 4 ላይ ጴጥሮስንና ዮሐንስን ያሳሰሯቸው ሰዱቃውያንና የቤተ መቅደሱ ሹማምንት ናቸው። ያስቆጣቸውም ሁለቱ በኢየሱስ የሙታንን ትንሣኤ መስበካቸው ነው። ነገሩ ግልጽ ነው። ሮም በመስቀል የገደለችውን እግዚአብሔር ካስነሣ፣ ፍርዱ ተሻረ ማለት ነው። ገዳይ የመጨረሻ ቃል የለውም። ሞትን የማይፈራ ሰው ደግሞ በማስፈራራት አይገዛም።

የመጨረሻው ነጥብ ሥራ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው 15ኛ ምዕራፍ በ57 ቁጥሮች ስለ ትንሣኤ ከተናገረ በኋላ ምዕራፉን እንዴት እንደሚዘጋው ብዙዎች አያስተውሉም። “ስለዚህ ወደ ሰማይ እያያችሁ ጠብቁ” አይልም። ድካማችሁ በጌታ ከንቱ እንዳይደለ አውቃችሁ ሥራው ይብዛላችሁ ነው የሚለው። ያሳደጋችሁት ልጅ፣ ያስታመማችሁት በሽተኛ፣ ያስታረቃችሁት ጎረቤት፣ ማንም ያላየው ታማኝነት ከዚህ ዓለም ጋር ተጠራርጎ አይጠፋም። እንዴት አድርጎ በአዲሱ ዓለም ውስጥ ቦታ እንደሚያገኝ ጳውሎስ አላብራራም። ከንቱ አይደለም ብቻ ነው ያለው።

የምዕራፍ ቁጥሮቹ የተጨመሩት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ደብዳቤው በጉባኤ ሲነበብ አንባቢው ትንፋሽ ሳይወስድ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ያልፍ ነበር። የሚቀጥለው ስለ ገንዘብ መዋጮ ነው፤ ጳውሎስ እንዲህ ይላል፦ በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች እያንዳንዱ ሰው እንደ አቅሙ በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ያስቀምጥ። ገንዘቡን የሚያደርሱትን እናንተው ምረጡ። እኔ እስከ በዓለ ኀምሳ በኤፌሶን እቆያለሁ። ጢሞቴዎስም ከመጣ፣ በእናንተ ዘንድ ያለ ፍርሃት እንዲሆን አድርጉ።